ማቀበልና መወርወር

አንድ ሰው ከባልንጀሮቹ የበለጠ ችሎታ ኖሮት ከእነርሱ ጋራ ለአንድ ሥራ ቢሰለፍ፥ ችሎታውን እስከ መጨረሻው ድረስ ይግለጸው? ወይስ ባልንጀሮቹም እንዲሠሩ ብሎ ከራሱ ላይ ጥቂት ይቀንስ? ይህ ጥያቄ በትምህርት ቤትም፥ በመሥሪያ ቤትም፥ በማኅበርም ዘወትር የሚያጋጥመን ነው፤ መልሱም ቀላል መስሎ ስለሚታየን ብዙ ሳንደክም እናልፈዋለን። አብዛኞቻችን «ለኅብረቱ ሲል ራሱን ዝቅ ያድርግ» ብለን እንፈርዳለን፤ ተረቱም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያለ ያግዘናል። ነገር ግን ተረቱ ድሩ ካበረ በኋላ የሚሆነውን ነገረን እንጂ ድሩ እንዴት እንደሚያብር አልነገረንም። ከክሮቹ አንዱ እንደ ገመድ የወፈረ፥ የቀሩት ደግሞ የቀጠኑ ቢሆኑ ሸማኔው ምን ያደርጋል? ወፍራሙን ያሳሳዋል? ወይስ ቀጫጭኖቹን በእርሱ ላይ ይጠመጥማቸዋል?

እኛ ጥያቄውን እንዲሁ በሐሳብ ብቻ ከማንገላታት ይልቅ በአንድ በታወቀ ጉዳይ ላይ ልንመረምረው ፈለግን፤ የመረጥነውም የቅርጫት ኳስን ነው። ስለ ጨዋታ መጻፍ ለቁም ነገር መጽሔት አይገባም የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን። ጨዋታ የሰውን ጠባይ በአርባ ስምንት ደቂቃ ውስጥ ገልጦ የሚያሳይ፥ ውጤቱም በቁጥር የሚጻፍ ስለ ሆነ፥ ለሥነ ምግባር ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መመርመሪያ በቀላሉ አይገኝም። የምንጠቅሰውን ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።

የቅርጫት ኳስን የፈለሰፈው ጄምስ ኔይስሚዝ በአሜሪካ አገር በስፕሪንግፊልድ ከተማ፥ እኛ ወወክማ በምንለው ማኅበር የማሠልጠኛ ትምህርት ቤት፥ የሰውነት ማጠንከሪያ መምህር ነበር። በ1891 መጨረሻ በብርዱ ወራት ተማሪዎቹ በአዳራሽ ውስጥ የሚጫወቱት ጨዋታ ቢያስፈልጋቸው፥ ሁለት የኮክ ቅርጫቶች ከፍ አድርጎ አሰቀለና 13 ደንቦች ጻፈ። ከደንቦቹም አንዱ፥ ኳስ የያዘ ሰው ይዞ መሮጥ አይችልም፤ ከያዘበት ቦታ ሆኖ መወርወር አለበት የሚል ነበር። ኳስን እያነጠሩ መሄድ በኋላ የመጣ ነገር ነው። እንግዲህ ይህ ጨዋታ ሲወለድ ኳስ የያዘውን ሰው ሌላ ሰው እንዲያስፈልገው አድርጎ የሚያስገድድ ጨዋታ ነበር ማለት ነው። ደንቡ የተጻፈው ግን ስለ ወንድማማችነት ታስቦ አይደለም፤ ሯጩን ለማስቆም እየተጠላለፉ እንዳይሰባበሩ ነው። መልካም ጠባይ አንዳንድ ጊዜ ከስብከት ይልቅ ከደንብ እንደሚወለድ በዚህ ይታያል።

ዛሬ በየወገኑ አምስት ሰው ይሰለፋል፤ ኳሱ አንድ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ ማኅበር ደንብ ከ1954 ጀምሮ ኳሱን የያዘው ቡድን በ24 ሴኮንድ ውስጥ ወደ ቅርጫቱ መወርወር ግዴታው ሆኗል። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ፥ በማናቸውም ቅጽበት፥ ከአምስቱ አራቱ ባዶ እጃቸውን ናቸው። ስለዚህ የአንድ ቡድን የማጥቃት ኀይል የሚታወቀው ኳሱን የያዘው በሚያደርገው ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ይልቅ የቀሩት አራቱ በሚቆሙበት ቦታ፥ በሚሄዱበት ሰዓትና እርስ በርሳቸው በሚተዋወቁት መጠን ነው። ከሩቅ ወርውሮ የማይስት ሰው በሜዳው ጥግ ዝም ብሎ ቢቆም ጠባቂው ትቶት ሊሄድ አይደፍርም፤ ስለዚህ የሜዳው መካከል ባዶ ይሆንለታል ለሌላው። ይህ ሰው ኳሱን ሳይነካ ቡድኑን ጠቀመ። ሌላው በጓደኛው ጠባቂ መንገድ ላይ እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ ጠባቂው ከእርሱ ጋራ ሲጋጭ ጓደኛው ያመልጣል። ግድግዳ የሆነውን ሰው ግን የነጥብ መዝገቡ ስሙን አይጽፈውም። በአንጻሩ ሁለት ጎበዞች ሁለቱም ኳስ በእጃቸው ካልሆነ በቀር የማይጠቅሙ ቢሆኑ፥ አንዱ ሲሠራ ሁለተኛው ተመልካች ይሆናል፤ የሁለቱ ድምር ከአንዱ ብዙም አይበልጥም።

የዘመናችን ወጣቶች ተጫዋቾች እርስ በርስ ሲግባቡ «ተናበቡ» ይላሉ። ቃሉ አዲስ ቢሆንም በጣም ደስ ያሰኘናል። ማንበብ አስቀድሞ ፊደል መቍጠርን ይጠይቃልና፤ የሰውም ፊደሉ ልማዱ ነው። ይህኛው ኳሱን በደረቱ ልክ ሲቀበል ይወዳል፤ ያኛው በሩጫ ላይ ሳለ ካልሆነ አይሆንለትም፤ ሦስተኛው ሁለት ጊዜ ከሳተ ልቡ ይሸሻል። ይህን ሁሉ ለማወቅ ጊዜ ያስፈልጋል። የእኛም ገበሬ ነገሩን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች መቀናጆ ሲገቡ የበሬዎቹን ጉልበት ብቻ አይመለከቱም፤ አንዱ ፈጣን ሁለተኛው ዘገምተኛ ከሆነ ቀንበሩ ይጣመማል፥ የአንደኛው ጫንቃ ይላጣል፥ ትልሙም ይወላገዳል። ጉልበተኛ በሬ ቅንጃውን ካላገኘ ለባለቤቱ ኩራት እንጂ እህል አይሆንም።

አሁን ወደ ሰውዬው እንምጣ። ዊልት ቼምበርሌን ቁመቱ ሁለት ሜትር ከ16 ሳንቲም፥ ጉልበቱም ከቁመቱ የማያንስ ሰው ነበር። በ1961ና በ1962 መካከል በነበረው የውድድር ዓመት ለፊላዴልፊያ ዋሪየርስ ሲጫወት በየጨዋታው በአማካይ 50.4 ነጥብ አገባ፤ እስከ ዛሬም እርሱን የተካከለ የለም። መጋቢት 2 ቀን 1962 በፔንሲልቫኒያ ክፍል በሐርሺ ከተማ ከኒው ዮርክ ኒክስ ጋራ በተደረገው ጨዋታ ብቻውን 100 ነጥብ አገባ። ቡድኑም 169 ለ147 አሸነፈ። ከጨዋታው በኋላ «100» የሚል ቁጥር በወረቀት ላይ ተጽፎለት እርሱን ይዞ የተነሣው ፎቶግራፍ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው።

ይህን የሰማ ሰው «ብቻውን» የሚለውን ቃል በቀላሉ ይናገረዋል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ሲመረምሩት ግን ቃሉ ትክክል አይደለም። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ባልንጀሮቹ ራሳቸው ሊወረውሩት የሚችሉትን ኳስ ሁሉ ለእርሱ ያቀብሉ ነበር፤ ጋይ ሮጀርስ የተባለው ጓደኛው በዚያ ጨዋታ ብቻ 20 ጊዜ ነጥብ የሆነ ኳስ አቀብሏል። ተቃራኒዎቹ ኳሱ ወደ ቼምበርሌን እንዳይደርስ ሌሎቹን ተጫዋቾች ሆን ብለው ያጠፉባቸው ነበር፤ ባልንጀሮቹም ኳሱን ቶሎ ለማስመለስ በተራቸው በኒው ዮርኮች ላይ ያጠፉ ነበር። እንግዲህ መቶው ነጥብ የአንድ ሰው ችሎታና የአራት ሰዎች ስጦታ ነው። መዝገቡ ግን ስጦታውን ለመጻፍ ጠባብ ነው።

በዚያው ዓመት ሻምፒዮን የሆነው የቦስተን ሴልቲክስ ነው። የምሥራቁ ክፍል የመጨረሻ ፉክክር እስከ ሰባተኛው ጨዋታ ደርሶ ቦስተን 109 ለ107 ሲያሸንፍ ቼምበርሌን ያገባው 22 ነጥብ ነበር። የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ማን ነው ተብሎ በተጠየቀ ጊዜም፥ ያን ጊዜ ድምፅ የሚሰጡት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ነበሩና፥ ሃምሳ ነጥብ የሚያገባውን ቼምበርሌንን ትተው በአማካይ 18.9 ነጥብ ያገባውን የቦስተኑን ቢል ራስልን መረጡ። ከሜዳ ውጪ ያለ ሰው ቁጥር ይቈጥራል፤ በሜዳው ውስጥ የሚሮጠው ግን አጠገቡ ማን ቢኖር ሥራው እንደሚቀለው ያውቃል።

ስለዚህ ቼምበርሌን ራስ ወዳድ ነበርን? ብዙ ሰዎች እንዲህ ብለው ጽፈዋል፤ እኛ ግን በዚህ ፍርድ አንስማማም። አሠልጣኙ ፍራንክ ማክጓየር ኳሱ በአመዛኙ ወደ እርሱ እንዲሄድ ያዘዘ ሰው ነበር። ጎበዙ የታዘዘውን ፈጸመ። ጉድለቱ የነበረው በልቡ ክፋት ሳይሆን በሥራው አከፋፈል ነው ማለት ይቻላል። ሁሉ ነገር በአንድ ሰው እጅ ሲያልፍ የሌሎቹ እጅ ሥራ ይረሳል፤ ያ ሰው አንድ ቀን ሲደክም ወይም ሲከበብ የሚተካው አይገኝም። ፊርማ ሁሉ በአንድ ሹም ጠረጴዛ ላይ ካላለፈ የማይንቀሳቀስ መሥሪያ ቤት ያየ አንባቢ ይህን ለመረዳት የኳስ ሜዳ አያስፈልገውም።

በ1966 ቼምበርሌን በፊላዴልፊያ ሰቨንቲሲክሰርስ ቡድን ሳለ አሌክስ ሐነም የተባለ አሠልጣኝ መጣ። ከዚያ በፊት ቼምበርሌን ሰባት ዓመት በተከታታይ በነጥብ ብዛት አንደኛ ነበር። ሐነም ግን ጥቂት እንዲወረውርና ብዙ እንዲያቀብል አግባባው። በዚያ ዓመት ነጥቡ በአማካይ ወደ 24.1 ወረደ፤ ከወረወረውም ከመቶ 68 እጅ የሚሆነው ገባለት፤ በየጨዋታው ወደ ስምንት የሚጠጋ ጊዜ ለነጥብ አቀበለ። ቡድኑ 68 ጊዜ አሸንፎ 13 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ፤ ስምንት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን የነበረውን ቦስተንን 4 ለ1 ጥሎ በ1967 ዋንጫውን ወሰደ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቼምበርሌን በቅርጫቱ አጠገብ ቆሞ ኳስ ሲይዝ ሁለት ሦስት ጠባቂ ይከብበዋል። ሁለት ሰው አንድ ሰው ከጠበቀ ደግሞ አንድ ሰው ያለ ጠባቂ ቀርቷል ማለት ነው። ያንን ነጻ ሰው ፈልጎ ማቀበል የቼምበርሌንን ግዙፍነት ለሃል ግሪርና ለቼት ዎከር ማበደር ነው። ስለዚህ ቼምበርሌን በዚያ ዓመት ችሎታውን ቀነሰ የሚሉ ተሳስተዋል፤ ያንኑ ችሎታ በሌላ ሰው እጅ ሠራበት እንጂ አልቀነሰም። ሳናነሣው ልናልፍ የማንወደው አንድ ሌላም ሰው አለ፤ ሉክ ጃክሰን ቼምበርሌን በሚጫወትበት ቦታ መጫወት የሚችል ጎበዝ ነበር፤ ለእርሱ ቦታውን ለቅቆ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ስለ ጃክሰን የተጻፈው ከቼምበርሌን ጋራ ሲወዳደር እጅግ ጥቂት ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ለትምህርት ቤት ንባብ የተመቸ ይሆን ነበር። ነገር ግን አላበቃም፤ የጥያቄውም ክብደት የሚገለጸው ከዚህ በኋላ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ቼምበርሌን 702 ጊዜ ለነጥብ አቀብሎ በጠቅላላ ቁጥር ከማኅበሩ ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ ሆነ። በእርሱ ቁመትና በእርሱ ቦታ ለሚጫወት ሰው ይህ ያልተሰማ ነገር ነው፤ እርሱም በዚህ እጅግ ኰራ። አንዳንድ ተመልካቾች ግን ቀድሞ ነጥብ ይቈጥር እንደ ነበረ አሁን ደግሞ ማቀበሉን ይቈጥራል ብለው ወቀሱት፤ ኳሱን የሚሰጠውም ወዲያው ለሚወረውር ሰው ነው አሉ፤ ተቀባዩ አንድ ሁለት ጊዜ አንጥሮ ቢያገባ ማቀበሉ አይመዘገብለትምና። ወቀሳው ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ መመዘን የሰውን ልብ መመዘን ነው፤ ያንንም ለሌላ እንተወው። ሊሆን የሚችል መሆኑ ግን ለጥያቄያችን ይበቃል። ልግስና ራሱ በመዝገብ ሊቈጠር ሲጀምር የሰው ዐይን ከተቀባዩ ወደ መዝገቡ ይሸሻል። በጋዜጣ ስሙ እንዲወጣለት የሚመጸውትን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ምጽዋቱ ድኻውን ያበላዋል፥ የሰጭው ዐይን ግን ድኻውን አያየውም። በኳስ ሜዳ ደግሞ ተቀባዩን አለማየት ጨዋታውን ያበላሻል።

በዚያው በ1968 ጸደይ ፊላዴልፊያ ቦስተንን 3 ለ1 ይመራ ነበር። ቢሊ ከኒንግሃም የሚባለው ጎበዝ የእጁ አንጓ ተሰብሮበት አልተሰለፈም። ቦስተን ሁለቱን ጨዋታ አሸንፎ ሰባተኛው ደረሰ፤ በዚያም ቀን 100 ለ96 አሸነፈ። በማኅበሩ ታሪክ 3 ለ1 ሲመራ ቆይቶ የተሸነፈ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። በሁለተኛው አጋማሽ ቼምበርሌን ወደ ቅርጫቱ የወረወረው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ግሪርና ዎከር በዚያ ቀን እጅግ ብዙ ይስቱ ነበር፤ ኳሱም ወደ ቼምበርሌን የሚመጣው አልፎ አልፎ ነበር፤ ይህንንም ስሕተት አሠልጣኙ ሐነም በኋላ በራሱ ላይ ወስዷል። ይሁን እንጂ ታላቁ ሰው «ኳሱን ለእኔ ስጡኝ» ብሎ ያልጮኸው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተቋረጠም።

እንግዲህ በስድስት ዓመት ውስጥ አንዱን ሰው ብዙ ወረወርህ ብለው ወቀሱት፥ ጥቂት ወረወርህ ብለውም ወቀሱት። ሕዝብ ተለዋዋጭ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኛ ግን ሁለተኛው ወቀሳ ከፊተኛው የበለጠ እውነት ያለበት ይመስለናል። ማቀበል በራሱ ምግባር አይደለም። ሸክሙ ሲከብድና ቢስት የሚወቀስበት ሰዓት ሲደርስ ኳሱን ለባልንጀራው የሚሰጥ ሰው ትሑት ሊመስል ይችላል፤ በእውነቱ የሰጠው ግን ኳሱን ሳይሆን ወቀሳውን ነው። በመሥሪያ ቤታችን ይህን የሚመስል ልማድ አለ። ባለጉዳይ ያቀረበው ማመልከቻ በኅዳጉ ላይ «ለሚመለከተው ክፍል ይመራ» የሚል ቃል እየተጻፈበት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ይከርማል፤ እያንዳንዱ ሹም ለሌላው ማቀበሉ ነው፥ ባለጉዳዩ ግን ደጅ እንደ ጠና ይኖራል። ከእነዚህ ሹማምንት ውስጥ ውሳኔውን ለመስጠት ሥልጣኑም ዕውቀቱም ያለው አንድ ሰው አይጠፋም። ያ ሰው ራሱን ዝቅ ማድረጉ ለማን በጀ?

ስለዚህ ለመነሻ ጥያቄያችን እንዲህ ብለን ልንመልስ እንወዳለን። ባለ ችሎታ ከባልንጀሮቹ ጋራ ሲሰለፍ የሚጠየቀው ማነስ አይደለም፤ በትክክል ማየት ነው። በዚህ ቅጽበት የተሻለ ቦታ የያዘው ማን ነው? ሌላው ከሆነ ይስጥ፤ እርሱ ራሱ ከሆነ ደግሞ ይወርውር፥ ቢስትም ወቀሳውን ይሸከም። ይህን ለማየት ባልንጀራን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ራስንም ሳያጋንኑና ሳያሳንሱ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው ከፊተኛው የሚከብድ ይመስለናል። ተማሪዎችን በቡድን የሚያሠራ መምህር ይህን በየዕለቱ ያየዋል። ጎበዙ ተማሪ ሥራውን ሁሉ ብቻውን ቢሠራ ወይም አፍሮ ዝም ቢል፥ በሁለቱም መንገድ የቀሩት አይማሩም።

ይህ መልስ ግን ዋጋ አለው፤ ዋጋውን ሳንናገር ብንተወው አንባቢያችንን የበደልን ይመስለናል። በ1968 ቼምበርሌን ወደ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ተዛወረ። በዚያ ጄሪ ዌስትና ኤልጂን ቤይለር ነበሩ፤ ሦስቱም በዘመኑ ከሁሉ የላቁ ነበሩና እነዚህን ማን ያሸንፋቸዋል ተባለ። ቤይለር ግን ኳስ ይዞ ወደ ቅርጫቱ እየሰነጠቀ የሚገባ ሰው ነበር፤ ሊገባበት በሚወደው ቦታ አሁን ቼምበርሌን ከነጠባቂው ቆሟል። አሠልጣኙ ቡች ቫን ብሬዳ ኮልፍና ቼምበርሌንም አልተስማሙም። በ1969 የመጨረሻው ሰባተኛ ጨዋታ በቦስተን 108 ለ106 ተሸነፉ። ቼምበርሌን ጕልበቱን ተጐድቶ ከወጣ በኋላ ልመለስ ቢል አሠልጣኙ አልፈቀደለትም። ዌስት 42 ነጥብ አግብቶ ከተሸነፈው ወገን ሆኖ የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ከእርሱ በፊትም በኋላም ይህ የደረሰበት ተጫዋች የለም። ሦስት ጉልበተኛ በሬዎች ነበሩ፤ ቅንጃ ግን አልነበረም።

በ1971 ቢል ሻርማን አሠልጣኝ ሆኖ መጣ። ቤይለር ያን ጊዜ 37 ዓመቱ ነበር፤ ጕልበቱና ተረከዙ ተጐድተው ነበር። ከ1958 ጀምሮ በዚህ ቡድን ተጫውቷል፤ ቡድኑ በሚኒያፖሊስ ሳለ ገና ከተማውን ሳይለውጥ የነበረ ሰው ነው፤ ስምንት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ ስምንቱንም ተሸንፏል። ሻርማን ቦታውን ጂም ማክሚሊያን ለሚባለው ወጣት እንዲለቅ ጠየቀው። ቤይለር ዘጠኝ ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ከነጭራሹ ለመተው ቈረጠ። እርሱ ከተወ በኋላ ባደረጉት የመጀመሪያ ጨዋታ፥ ኅዳር 5 ቀን 1971፥ ሌከርስ አሸነፉ፤ ከዚያም ሳይሸነፉ 33 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፉ። እስከ ዛሬ ያንን የሚያህል የለም። ቼምበርሌን በዚያ ዓመት ነጥቡ በአማካይ 14.8 ብቻ ነበር፤ የሳተውን ኳስ ከቅርጫቱ ሥር ይለቅምና ሮጠው ለሚያጠቁት ወዲያው ይወረውርላቸው ነበር። በ1972 ዋንጫውን ወሰዱ፤ የፍጻሜውም ምርጥ ተጫዋች እርሱ ሆነ።

የቼምበርሌን ታሪክ በዚህ አማረ። የቤይለርስ? በትክክል ማየት ምግባር ነው ካልን፥ ሻርማን በትክክል አይቷል፤ ቤይለርም ምናልባት ከእርሱ ቀድሞ አይቶት ይሆናል። ነገር ግን ለአሥራ ሦስት ዓመት የደከመበት ዋንጫ የመጣው እርሱ በወጣ በወራት ውስጥ ነው። ለቅንጅቱ ሲባል ትንሽ ከቀነሰና ዋንጫ ካገኘ ሰው ይልቅ፥ ለቅንጅቱ ሲባል ሙሉ በሙሉ ከወጣና ምንም ካላገኘ ሰው ላይ ጥያቄያችን ይጸናል። ኅብረቱ እንዲህ ያለውን ሰው «ይገባሃል» ብሎ ሊጠይቀው መብት አለውን? እኛ አለው እንላለን፤ የሚጠይቀው ግን እንደ ባለዕዳ ሆኖ እንጂ እንደ ባለመብት ሆኖ እንዳይደለ ማወቅ አለበት።

ሌከርስ ሻምፒዮን በሆኑ ጊዜ ለቤይለርም የዋንጫውን ቀለበት ሰጡት። በ2018ም፥ ሳይሞት ሦስት ዓመት አስቀድሞ፥ በሎስ አንጀለስ ከአዳራሻቸው ደጅ ሐውልት አቆሙለት። አንዳንዶች ያልተጫወተበትን ዋንጫ ቀለበት መስጠት ቸርነት ነው ይላሉ። እኛ ግን ቀለበቱን በ1972 የተከፈለ ደመወዝ አድርገን እንቈጥረዋለን፤ ማክሚሊያን በቆመበት ቦታ ላይ የተከፈለ።